መንጃ ፈቃድ

ከለገሃር ጀርባ፣ ከስታዲየሙ ሥር፣
ሦስት በአራት ክፍል፣ የቆርቆሮ በር፤
የይታገሡ ሱቅ። ከሦስት የሞተ ማሽን
አንድ ሕያው ያወጣል። እኛም ተራችን
እስኪደርስ ድረስ፣ ዝናብ ሲያባርረን፣
ታክሲውን አቁመን እዚያ ነው መጠጊያችን።

አንድ ቀን አንዲት እቃ ከኪሱ አወጣ፤
አውራ ጣት የማታክል፣ ቀለሟ የገረጣ።
«ቴሌቪዥን ትይዛለች» አለና ሰካት።
ቀይ መብራት አበራች። ሌላ ምንም የላት።
ኮምፒውተሩ አያት፤ ማንነቷን ግን አያውቅም፤
እሷም እንደ እንግዳ፣ ደጅ ቆማ ዝም።

«ምን ጎደላት?» አልነው።
«ሾፌር።»
ሳቅን።
አሥራ ስምንት ሾፌር ደጁ ላይ ቆመን!
«የእሷ ሾፌር ጽሑፍ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅላት፣
ከአንቴናው የለቀመችውን ለማሽኑ የሚያደርስላት።
የሠራት ፋብሪካ ለዊንዶውስ ብቻ ሰጥቶ፣
የሊኑክስ ሰው ሲጠይቀው ዝም ይላል ደጁን ዘግቶ።»

ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ግድግዳ እየዳበሰ በሩን እንዳጣ፣
አንድ ቁጥር ይልካል። ዝም።
ሌላ ይልካል። ዝም።
ሌላ። እቃዋ ሞቀች፤ ጢስ፤ ከዚያ ወዲያ የለችም።
በማግስቱ አየሁት፣ ዓይኑ ደም መስሎ ቀልቶ፤
ጥገናውን ትቶ፣ የሱቁ ኪራይ ሁለት ወር ዘግይቶ።

የዕቁባችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ደብተሩ በእጄ ነው።
ሰኞ ማታ ጋሽ በዳሳ፣ ዳኛችን፣ ቤቱን ዝም አሰኘው፦
«በሳምንት አምሳ አምሳ ብር፣ ከዕጣው ውጭ፣ ለልጁ፤
እቃ ይግዛ፣ ዳቦ ይብላ፣ አይዘጋበት ደጁ።»

ሙዘሚል ተነሣ።
«ሲያልቅ የማን ነው?»
«የሁሉም።»
«አምስት ሳንቲም ያላዋጣስ?»
«አይከለከልም።»
«ታዲያ እኔ ምን በወጣኝ?»

ጋሽ በዳሳ አሰብ አደረገ።
«በራፌ ላይ አምፖል አለች፤ ቆጣሪው የእኔ ነው፤
አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሷ ነው የሚሄደው።
ላጥፋት እንዴ? ባጠፋትስ፣ ክፍቱ ቱቦ የሚውጠው
እኔኑ ነው፣ ማታ ስገባ።»

ሙዘሚል ቁጭ አለ። መልሶ ብድግ አለ።
«ሾፌር ነው ካላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ አለው ወይ?»
ይታገሡ ሳቀ፣ ክረምቱ ከገባ ያን ቀን ገና።
«አለው እንጂ። ረጅም ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላልና፦
ውሰደው፣ ንዳው፣ ሞተሩን ፈታተህ እየው፣ ቀይረው፤
ለሌላ ስትሰጥ ግን ኮፈኑን አትበይደው፤
ክፍት አግኝተኸዋል፣ ክፍት አድርገህ አስረክበው።»
«ይኼ ፈቃድ አይደለም፣ ምርቃት ነው» አለ ሙዘሚል፤
አምሳ ብሯን ግን አወጣ፣ ናፍጣ ናፍጣ የምትል።

ወጪ በሚለው ዓምድ «ለሾፌር» ብዬ ጻፍኩ።
ክረምቱን ሙሉ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ «ለሾፌር»።
አንዴ ብቻ «ለዳቦ»።

የጥቅምት እሑድ። ስታዲየሙ ጢም ብሏል፤
ስክሪኑ ጥቁር። ጥቁር። ይታገሡ ጥፍሩን ይበላል።
ከዚያ አረንጓዴ ካሬ፣ እንደ ተበተነ ንጣፍ፤
ከዚያ ሜዳ፤ ከዚያ እግር፤ ከዚያ የኳስ ጠርዝ፣ ጫፍ።
ድንገት በግድግዳው በኩል ጩኸት ገባ፦ ጎል!
እኛ ጋ አጥቂው ገና ኳሷን ያመቻቻል።
ሦስት ሰከንድ ከዓለም ወደ ኋላ ቀርተን፣
የሚሆነውን እያወቅን፣ ትንፋሻችንን ውጠን
ጠበቅናት። ገባች።
ሰፈሩ አንዴ የጮኸላትን
እኛ እንደ አዲስ ጮኽንላት።

ከገና በኋላ ነው። ስሙን ካልሰማነው አገር
አንድ የማናውቀው ሰው ልኮ ሰባት መስመር፣
ዝናብ ሲዘንብ ምስሉን የሚበጣጥሰውን ስሕተት
አርሞልናል። ሒሳብ አልጠየቀም። ምስጋናም አልጠበቀ።
ለዕቁቡ ሳነብ ሙዘሚል አቋረጠኝ፦
«ሰውዬው የየትኛው ፌርማታ ልጅ ነው?»

እንጃ።
ከአሥራ ስምንታችን ሥር፣ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣
ስሙን ጆሮዬ እንደያዘው ጻፍኩት፤
መዋጮ በሚለው ዓምድ ላይ፦
ሰባት መስመር። ተከፍሏል።